እናት የበላችው

ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ባለቤትዎ ጋሼስ አሁንም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር ይፈልጋሉ? እኛ ደህና ነን። ጆሮዎ ከስልክ ጋር ከተጣላ ወዲህ እኔም ወረቀት ለምጃለሁ፤ በወረቀት ሲሆን ማንም ሳያቋርጠኝ እጠይቃለሁ። «ወይዘሪት ለምን» ብለው ያወጡልኝ ስም እስካሁን አልለቀቀኝም።

ልጅቱ ስድስት ሳምንት ሞላት። እጇን ጨብጣ ስለተወለደች፣ እስካሁንም ስላልፈታችው፣ አባቷ «ቡጢ» ይላታል። ታምራለች፤ ሆዷ ግን እረፍት አልሰጣትም። ጠብታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እግሯን ትሰበስባለች፣ ፊቷ በርበሬ ይመስላል፣ ከዚያ ለቅሶው ይጀመራል። ዳይፐሯ ውስጥ የማየውም ቢጫ መሆኑ ቀርቶ አረንጓዴና ንፍጥ የተቀላቀለበት ሆኗል።

እዚህ የማያውቅ ሰው የለም። ከእኛ በላይ ያለችው ፀጉር ሠሪ «ጎመን በልተሽ ነው» አለችኝ። አማቴ «ሽንኩርት ነው» አሉ። ከባለቤቴ ጋር አውቶቡስ የሚነዳ የሦስት ልጆች አባት ደግሞ «ቀዝቃዛ ውሃ ስለምትጠጪ ነው» አለ። «ውሃው ሆዴ እስኪደርስ ይሞቅ የለም እንዴ?» ብለው ተቀየመኝ።

እኔን የሚከነክነኝ መንገዱ ነው። የበላሁት ጎመን በየት በኩል ዞሮ ነው ጡቴ ውስጥ የሚገባው? ቀለም ፋብሪካ ስምንት ዓመት ሠርቼ፣ የትኛው ዱቄት ከየትኛው በርሜል እንደመጣ ሳላውቅ አንድ ጣሳ አሽጌ አላውቅም። የራሴን ወተት አሠራር ግን አላውቀውም።

እናቴ ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ከወተት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ያሳደጉኝ ግን እርስዎ ነዎት። ምን ልብላ? ምን ልተው?

ናፋቂዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 26 ቀን

ለወይዘሪት ለምን፣ አሁን ወይዘሮ ለሆንሽው ልጄ፣

እድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ቡጢንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ጋሼሽ ሰላም ብሎሻል፤ መነጽሩንም ዛሬ ጠዋት ወተት ማጥለያው ውስጥ አግኝተነዋል።

ከሁሉም በፊት ይህን መልሺልኝ። ልጅቱ ታስመልሳለች? ካስመለሰች ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? ሆዷን በመዳፍሽ ስትነኪው ይለሰልሳል ወይስ ጥብቅ ይላል? ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ ይህን ጻፊልኝ።

ምግብን በተመለከተ፣ ጎመን ተዪ። ምስር፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ብርቱካንም ተዪ። ባቄላ ግን መተው ብቻ አይበቃም፤ ቤትሽ አይግባ። ሾርባ ውስጥ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትወድቅ። ሰው ቤት ተጋብዘሽ ቢያቀርቡልሽ ተነሥተሽ ሂጂ፤ ባለጌ ይበሉሽ።

ይልቅ ወተት ጠጪ። በቀን ሦስት ብርጭቆ፣ እርጎም ጨምሪ፣ አይብም ብይ። የሚያጠባ ሰው ወተት ካልጠጣ ወተቱ ከየት ይመጣል?

መንገዱን ለጠየቅሽው እኔ አላውቅም። መንገድ እንዳለው ግን አውቃለሁ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ቤትዎ በጤና ይሙላ። የጠየቁኝን ላስቀድም። ቡጢ አታስመልስም። ስታገሳ ትንሽ ነጭ ወተት በአፏ ጥግ ይወርዳል እንጂ ሌላ የለም። ሆዷም ሳታለቅስ ስነካው ለስላሳ ነው። ቀለሙን ለምን እንደጠየቁኝ ግን አልገባኝም።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ፈርቼም ሥጋና እንቁላሉን ጨምሬ ተውኩ። በአሥረኛው ቀን የቀሩኝ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝና ወተት ነበሩ። ወተቱንማ እርስዎን ደስ ይበልዎ ብዬ ከሦስት ወደ አራት ብርጭቆ አሳደግሁት። ልጅቱ ባሰባት። ቀሚሴም ወገቤ ላይ ይዞር ጀመር። ባለፈው ማክሰኞ ልጅቱን ታቅፌ ደረጃ ስወርድ ዓይኔ ጨለመብኝ። ፀጉር ሠሪዋ ከኋላዬ ባትሆን ኖሮ ምን እንደሚከተል ማሰብ አልፈልግም። ልጅቱን ነጥቃ ያዘቻት፤ እኔ በቂጤ ሁለት ደረጃ ወረድኩ። እዚያው ተቀምጠን ሦስታችንም አለቀስን። ፀጉር ሠሪዋ ለምን እንዳለቀሰች እስካሁን አልነገረችኝም።

በማግስቱ ዳይፐሩ ላይ ደም አየሁ። ሁለት ሦስት ክር የሚያህል ነው፤ ግን ደም ነው። ሮጥኩ።

የሕፃናት ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ቡጢን መዘነቻት፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ዳይፐሩን ወደ መስኮቱ አቅርባ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን ምን ትበያለሽ?»

ቆጠርኩላት። አንድ እጅ በቃኝ።

«ማን ነው እንዲህ ያስራበሽ?»

እትዬ፣ እርስዎን አልጠራሁም።

መንገዱን የነገረችኝ እሷ ናት። ጎመንና ባቄላ ነፋስ የሚሆኑት በእኔው አንጀት ውስጥ ነው፤ ያ ነፋስ ወደ ልጅቱ አይሻገርም። ጡት ወተቱን የሚሠራው ከደም ነው። ወደ ደም የሚገባው ደግሞ ምግቡ ተሰባብሮ፣ ደቅቆ ነው። «ግን» አለች፣ «አንዳንድ የፕሮቲን ስባሪ ሳይደቅ ያመልጥና ወተትሽ ውስጥ ይገባል። አብዛኞቹ ልጆች ደንታም የላቸው። የጥቂቶቹ አንጀት ግን ይቆጣል። ብዙ ጊዜ የሚያስቆጣቸውም...» ብላ አራቱን ብርጭቆ የጻፈችበትን መስመር በጣቷ ነካች። የላም ወተት ነው።

ይህን ለእርስዎ፣ ወተት ለሚሸጡት፣ መጻፍ ከብዶኛል። ለሦስት ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ እንድተው፣ ሌላውን ሁሉ እንድበላ፣ ማጥባቴን ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ እንዳላቆም አዝዛኛለች። ለአጥንቴ የካልሲየም ክኒን ሰጥታኛለች።

አይቀየሙኝ።

ልጅዎ


ጥር 10 ቀን

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ልጅቱ ከነእናቷ ትዳን።

አርባ ዓመት ከወተት ጋር ኖሬያለሁ። እዚህ ሰፈር ከእኔ ጣሳ ያልጠጣ ልጅ የለም፤ ፖሊሱም፣ መምህሯም፣ አሁን ዱቤ የሚከለክለኝ ባለሱቅም በእኔ ወተት ነው ያደጉት። ሐኪምሽ ዕድሜዋ ስንት ነው?

ይህን ጽፌ ሦስት ቀን አስቀመጥኩት። ተናድጄ ነበር። በአራተኛው ቀን ደረጃው ላይ የሆነውን ደግሜ ሳነብ ቁጭ አልኩ። ያስራብኩሽ እኔ ነኝ። ለሐኪሟ ተናገሪ፤ አክስቴ ናት በያት። አልደብቅም።

አሁን ደግሞ ጥያቄው ወደ እኔ ተጋባ። ቢፈላስ? ከረጋ በኋላስ? ቅቤው ቢነጠርስ? የፍየል ቢሆንስ? ሐሙስ ሐሙስ ወተት ሊመረምር የሚመጣውን ልጅ በር ላይ ይዤ አስቆምኩት። ቢፈላም ያው ነው፣ ቢረጋም ያው ነው አለኝ። «የፍየሉስ?» ብለው፣ «እሱም የላሙ የአጎት ልጅ ነው፤ አይለያዩም» ብሎ ሳቀ። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ነገር ሆዱን አላውቀውም ነበር ማለት ነው።

እሺ፣ ወተቱን ተዪ። ባቄላውን ግን አሁንም አትንኪ። በዚህ ላይ ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

አክስትሽ


የካቲት 5 ቀን

ለእትዬዬ፣

ጤና ይብዛልዎ። ዜናው ብዙ ነው፤ ተቀምጠው ያንብቡት።

ደብተር ይዣለሁ። በአንድ ገጽ የበላሁትን፣ በሌላው ገጽ የቡጢን ነገር እጽፋለሁ። ባለቤቴ «ልጅ ነው የምታሳድጊው ወይስ ቀለም ነው የምትቀይጪው?» ይለኛል። እኔ ግን ቀለም ሲበላሽብኝ አምስቱን ነገር በአንዴ አልቀይርም፤ አንዱን ብቻ ነክቼ እጠብቃለሁ። በፊት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስተው ያጠፋሁት ይህንን ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ የለም። ተስፋ ቆርጬ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ንፍጡ ቀነሰ። በአሥራ አራተኛው ቀን ደሙ ቆመ። በሃያኛው ቀን ጠብታ ስትጨርስ አየችኝና ሳቀች። አፏን ከፍታ፣ ድድዋን ሁሉ አሳይታ። ባለቤቴ በሥራ ልብሱ በር ላይ ቆሞ አየና፣ ለፈረቃው ዘገየ።

እኔ ግን አላመንኩም። ልጆች በዚህ ዕድሜ ለቅሷቸው በራሱ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል ይላሉ። ወተቱን ባልተውም ይሻላት ነበር ይሆን? ይህንኑ ሐኪሟን ስጠይቃት ፈገግ አለች። «እኔም ልልሽ ነበር። አንድ ጊዜ መልሰሽ ጠጪና እንይ።»

አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ። በማግስቱ ደግሞ አንድ። በሦስተኛው ቀን ንፍጡ ተመለሰ፣ ደሙም በክር ያህል። ልጄን ዐውቄ ማሳመሜ አንጀቴን በላው፤ ግን አሁን እርግጠኛ ነኝ። ወተቱን ዳግም ተውኩ፤ ዳግም ዳነች። ሐኪሟ እንደምትለው ብዙዎቹ ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። ያኔ በትንሹ እንሞክራለን።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባቄላ በላሁ። አንድ ሙሉ ሳህን፣ ተቀቅሎ፣ በጨውና በዘይት። ቡጢ ምንም አልሆነችም። እንቅልፏን ለጠጠች።

አትጠይቂኝ ብለውኝ ነበር። ወንድምዎን፣ አባቴን ጠየቅሁት። በስልክ «እሷን ጠይቂ» ብቻ አለኝ። እንግዲህ ጠየቅሁ። ባቄላ ምን አደረገዎት?

ልጅዎ


መጋቢት 22 ቀን

ለእትዬ፣

ለሰላምታዬ መልስ ሳላገኝ ስድስት ሳምንት አለፈ። አባቴ «ደህና ናት፣ ሱቋን ትከፍታለች» ይለኛል። ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። መልስ ባይሰጡኝም ዝም ብለው ስለ ዝናቡ ይጻፉልኝ።

ቡጢ እጇን ፈታች። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው።


ሚያዝያ 14 ቀን

ለልጄ፣

አላጠፋሽም። ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ስለ ዝናቡ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

አንቺ ወደ እኛ ሳትመጪ፣ ሳትወለጂም፣ ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሃያ ሦስት ቀን ኖረ።

ያኔ ሱቁ የእኔ አልነበረም። ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ጣሳ አጣቢ ነበርኩ። አሠሪው ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ስላለ በሃያኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ልጁን እዚያው፣ የማይፈለጉ ጣሳዎች በሚቀመጡበት ጥግ በካርቶን ውስጥ አስተኛው ነበር። በሃያ ሁለተኛው ቀን እንደ ውሻ ራበኝ። የሥራ ጓደኛዬ ባቄላ ቀቅላ አምጥታ ነበር፤ አካፈለችኝ። እየሳቅን በላን። ጣዕሙ እስካሁን አፌ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ አስመለሰው። ነጭ አልነበረም። እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነበር። ሆዱ ጥብቅ አለ። አልጠባም አለ። የወተት ጫኚውን መኪና ለምነን ወደ ሐኪም ስንሄድ፣ መንገድ ላይ፣ እቅፌ ውስጥ ቀለለኝ። ሌላ እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

አማቴ ምን በልቼ እንደነበር ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እንግዲያው አንቺ ነሽ» አሉ። ከዚያ በኋላ ደግመው አላነሡትም፤ መድገምም አላስፈለጋቸው። ጋሼሽ እዚያው ቆሞ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት አልተነፈሰም። ዝምታውን እንደ ፍርድ ይዤ ኖርኩ። ሌላ ልጅም አልመጣልንም፤ አንቺ እስክትመጪ።

ቀለሙን ለምን እንደጠየቅሁሽ አሁን ገባሽ።

ባቄላ በላሁ ያልሽበትን መስመር ሳነብ መጀመሪያ ጮኽኩ። ከዚያ «ምንም አልሆነችም» የሚለውን አነበብኩ። ስድስት ሳምንት ያንን መስመር ሳነብ ነው የከረምኩት።

ያቺን ሐኪም ጠይቂልኝ። በእኔ ከሆነም፣ በእኔ ነው ብለሽ ንገሪኝ። ልታጽናኚኝ ብለሽ እንዳትዋሺ፤ ውሸትሽን ከስድስት ዓመትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አክስትሽ


ግንቦት 9 ቀን

ለውድ እትዬ፣ ለእናቴ፣

ደብዳቤዎን ሐኪሟ ፊት ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ነገርኳት። አረንጓዴው ላይ ስደርስ እጇን አነሣችና «ቆይ፣ ያስመለሰው ነው አረንጓዴ? ካካው አይደለም?» አለች። ያስመለሰው ነው አልኳት። ሆዱም ጥብቅ ብሎ? አዎ። ስንት ቀኑ? ሃያ ሦስት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። የተናገረችውን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«ያላየሁትን ልጅ እንዲህ ነው ብዬ መማል አልችልም። ይህን ግን ለማንም እናት እነግራለሁ፦ ጨቅላ ሕፃን አረንጓዴ ሲያስመልስ አንጀቱ የሆነ ቦታ ተዘግቷል ብለን ነው የምንሮጠው። አንዳንድ ልጅ አንጀቱ ቦታውን በደንብ ሳይዝ ይወለድና በመጀመሪያው ወር ውስጥ ይጠመዘዛል። ማህፀን ውስጥ ሳለ የተጀመረ ነገር ነው። መድኃኒቱ ቀዶ ጥገና ነው፤ ያውም በሰዓታት ውስጥ። እናት የበላችው ምግብ አንጀት አይጠመዝዝም። ባቄላም፣ ጎመንም፣ ወተትም። የቡጢን አንጀት ወተት አስቆጣው እንጂ አልዘጋውም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።»

«ስለዚህ እሷ አይደለችም?» አልኳት።

«አይደለችም» አለች።

እንዳልዋሽዎ፣ እርግጠኛ መሆኗን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። በሦስተኛው ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ቡጢን ከእቅፌ ወስዳ፣ «አሁን አልቅሺ» አለችኝ።

እትዬ፣ እርስዎ አይደሉም።

ልጅዎ


ሰኔ 4 ቀን

ለልጄ፣

አንቺን የሰጠኝ ይመስገን።

ደብዳቤሽን ለብቻዬ አንድ ቀን አነበብኩት። ከዚያ ጋሼሽ እንጨት ወደሚሠራበት ቤት ወሰድኩት። የበር መቃን እየላገ ነበር። «አቁመው፣ የማነብልህ ነገር አለ» አልኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ያልተጻፈውን፣ ባቄላውንና እናቱ ያሉኝን፣ በቃሌ ጨመርኩለት።

ስጨርስ መላጊያውን መቃኑ ላይ አስቀመጠ።

«ባቄላ?» አለኝ። «ሠላሳ አራት ዓመት ባቄላ ነው ብለሽ ነው?»

«አንተስ ምን ብለህ ነው?»

ልጄ፣ ባቄላውን በበላሁበት ቀን ማታ ልጁ ሲያለቅስ፣ እኔ ደክሞኝ ተኝቼ ሳለሁ፣ ስኳር በውሃ በጥብጦ በጣቱ አልሶት ነበር። በማግስቱ የሆነውን ሲያይ «እኔ ገደልኩት» ብሎ አመነ። እናቱ እኔን ሲወቅሱ አፉ ተሳሰረ፤ «እኔ ነኝ» ለማለት ፈራ። ከዚያም ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር ለመናገር የባሰ ከበደው። እኔ ዝምታውን ፍርድ ነው ስል፣ እሱ የእኔን ዝምታ አውቃብኛለች ይል ነበር።

«የሕፃኑን የሬሳ ሣጥን ማን ሠራው?» አልኩት። እስከዚያ ቀን ጠይቄው አላውቅም። «እኔ» አለኝ።

ሐኪሟን እባክሽ ስለ ስኳሩም ጠይቂልኝ። መልሱን እኔ እገምታለሁ፤ እሱ ግን ከእኔ አፍ አያምንም። ደብዳቤውን በእሱ ስም ላኪው፤ በሕይወቱ አንድ ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም።

ያን ቀን ከሰዓት ሱቁን አልከፈትኩም። ሰዎች በር አንኳኩተው ተመለሱ። እኛ እንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተቀምጠን ስለ ልጃችን አወራን። ሃያ ሦስት ቀን ትንሽ ይመስልሻል፤ ስንት ነገር አለበት መሰለሽ! ሲያስነጥስ ሁለት ሁለት ጊዜ ነበር። ሲጠባ አንድ ዓይኑን ይከፍታል። ጆሮው ላይ ግን አልተስማማንም። እሱ የእኔን ነው የወሰደው ይላል፤ እኔ የራሱ የጋሼሽ ቁርጥ ነው እላለሁ፤ እስከ ራት ድረስ ተከራከርን።

አክስትሽ